ቦራ የምታውቀው ድምፅ

«አይናዲስ አማረ» አለ ቲቸር አብይ፣ ዓይኑን ከስም መጥሪያው ሳያነሳ።

አይናዲስ «አለሁ» ልትል አፏን ስትከፍት ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ቀደማት።

«እምቧ…»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር አብይ ቀና ብሎ «ምንድን ነው እሱ?» ሲል፣ ሳያስቅ የዋለበት ቀን የሌለው አስማማው እንደ ጨዋ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «አለሁ ማለቷ ነው፣ ቲቸር» አለ። በዚህኛው ቲቸርም ከንፈሩን ነክሶ ወደ ሰሌዳው ዞረ። እየሳቀ እንደሆነ ከጀርባው ያስታውቅ ነበር።

አይናዲስ አላለቀሰችም። ከአማኑኤል ወዲያ ካለው ቀበሌያቸው ለዘጠነኛ ክፍል ወደ ደብረ ማርቆስ ስትመጣ በልብሷም በአነጋገሯም እንደሚስቁባት ጠብቃ ነበር። ያልጠበቀችው በጉሮሮዋ እንደሚስቁባት ነው። ከፊቷ የተቀመጠችውን ሔዋንን፣ የተተኮሰ ፀጉሯንና በሳቅ የሚንቀጠቀጥ ትከሻዋን አየች። ሌላው ሁሉ አጫፋሪ ነው። የአይናዲስን የጉሮሮ ድምፅ በስልክ ቀድታ የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የለቀቀችው ሔዋን ናት። አስማማው ደግሞ ከስሩ ምት ጨመረበትና አሁን በእረፍት ሰዓት የሚጨፈርበት ዘፈን ሆኗል።

ድምፁ ለምን እንደሚያገለግል ግን ከእሷና ከሔዋን በቀር ክፍሉ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ቦራ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቀይ ላም ናት። የአይናዲስ አባት ላም ነበረች። ባለፈው ክረምት የወለደችው ጥጃ ሳይጠነክር ሞተባት። ጥጃዋ የሞተባት ላም ደግሞ ወተቷን ትይዛለች፤ ጡቷ እስኪወጠር ድረስ አጋታ እንኳ ቢያልቧት ጠብ አይልላትም። አንዳንዱ ሰው የሞተውን ጥጃ ቆዳ ጭድ ሞልቶ ፊቷ ያቆምላታል። የአይናዲስ አባት አማረም ሞክሮ ነበር፤ ቦራ አንዴ አሸተተችውና ፊቷን አዞረች።

ከዚያ በኋላ ነው አይናዲስ በራሷ መላ የጀመረችው። መጀመሪያ በአፍንጫና በጉሮሮ መሀል ዝቅ ያለ እምምታ፣ ላም ጥጃዋን ስትልስ የምታሰማው ዓይነት። ቀጥሎ በምላሷ፣ ጥጃ ሲጠባ የሚሰማው ጠቅ ጠቅታ። መጨረሻ ላይ የጥጃው ጩኸት፣ ቀጥኖ ተነስቶ መሀል ላይ የሚሰበር። ስብራቱ ላይ ስትደርስ ቦራ ጆሮዋን ወደ ኋላ ትጥልና ወተቷን ትለቃለች። ጎረቤቱ ሁሉ ጉድ አለ። አባቷ ግን «ይች ልጅ በሕፃንነቷም በድምፅ ዶሮ ታጣላ ነበር» ብሎ ማለቡን ቀጠለ።

ዘንድሮ አይናዲስ ከተማ ገብታ ትማር ሲባል ቦራም ከተማ ገባች። የገዟት የሔዋን እናት ወይዘሮ አሰገደች ናቸው፤ ለየቁርስ ቤቱ ወተት ያቀርባሉ። ስምምነቱ ግልጽ ነበር። ቦራ አዲሱን ቤት እስክትለምድ አይናዲስ ጠዋትና ማታ ትጠራላቸዋለች፤ በዚያ ምትክ ከበረቱ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ያለ ኪራይ ትይዛለች። ስንቅ አባቷ ይልክላታል። ክፍሏ ከሌለች ግን ስንቅ ብቻውን አያስተምርም። ጓዟን ጠቅልላ ወደ ቤት መመለስ ነው፣ ትምህርቱም እዚያው ላይ ያበቃል።

በዚያው ቀን ማታ ደብተሯን ጥላ ወደ በረት ስትሄድ የራሷን ድምፅ ከውስጥ ሰማችው።

እምምታው። ጠቅ ጠቅታው። ስብራቱ።

በሩ ላይ ቆመች። የሔዋን ስልክ ግርግሙ ጠርዝ ላይ ተደግፎ ይጮኻል፤ ሔዋን አጠገቡ ቆማለች። ወይዘሮ አሰገደች ግንባራቸውን ከቦራ ጎን አስደግፈው ያልባሉ፤ ወተቱ ባልዲው ውስጥ እየተንዠቀዠቀ ነው።

«አየሽ አይናዲስ» አሉ ሳይዞሩ። «ይች ልጅ አንድ ቀን እንኳ ሥራ ሠራች። በስልኩም ትሰጣለች።»

«እኔ እኮ መጥቻለሁ እትዬ።»

«ተይው፣ ከእንግዲህ አትድከሚ። ጥናትሽን አጥኚ።» ባልዲውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። «ደግሞ ሳልነግርሽ፣ የእህቴ ልጅ ከጉንደ ወይን ለሥራ ይመጣል። ክፍሏን ለሱ አስቤያታለሁ። እስከ ወር መጨረሻ ቀስ ብለሽ ሌላ ፈልጊ እንግዲህ።»

«ቀስ ብለሽ» ያሏት ነገር ከሁሉም በላይ አንገበገባት። እንደ ውለታ ነበር የተናገሩት።

ሔዋን ስልኩን አንስታ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረችው። «አይዞሽ» አለች ዝቅ ብላ፣ እናቷ እንዳይሰሙ። «ዝነኛ ሆነሻል። ፋራ ነገር ደግሞ ቶሎ ነው የሚሰራጨው።»

አይናዲስ ወደ ቦራ አየች። ቦራ ከስልኩ ለሚወጣው ድምፅ ወተቷን ለቃ፣ በር ላይ የቆመችውን ባለድምፅ ዞራ እንኳ አላየቻትም። አይናዲስ በቦራም ተናደደች።

ክፍሏንና በረቱን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ከአልጋዋ እግር በኩል ምርጉ ተሰንጥቆ የገለባው ጫፍ ይታያል፤ ቦራ ስታመሰኳ እንኳ ይሰማል። አይናዲስ እዚያ ስንጥቅ ላይ አፍጥጣ ተቀመጠች። የባዮሎጂ ፈተና አለባት፤ ደብተሩን አልከፈተችውም።

ስለ ቦራ እነሔዋን የማያውቁትን አንድ ነገር ታውቃለች። ቦራ ጊደር ሳለች ጅብ ታፋዋን ነክሷት በስንት መከራ ነው የተረፈችው። ጠባሳው አሁንም ፀጉር አላበቀለም። ከዚያ ወዲህ ጅብ ከሩቅ ከጮኸ ቦራ ገመድ ትበጥሳለች። አይናዲስ ደግሞ ጅብን ታውቅበታለች። ትንሽ ሳለች አንዴ ከአጥር ስር ሆና ጮኻ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ሲበተን አባቷ በጥፊ ብሏት ነበር። «በሌላው ቀልጂ፣ በዚህ ድምፅ አይቀለድም» አላት። ያን ቀን ትታዋለች።

በማግሥቱ ማታ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጆሮዋን ስንጥቁ ላይ አደረገች። ስልኩ ጀመረ። ወተቱም ጀመረ። ባልዲ ባዶ ሲሆን ይጮኻል፣ እየሞላ ሲሄድ ድምፁ ይወፍራል። እስኪወፍር ጠበቀች። ከዚያ ሁለት እጇን አፏ ላይ ገጥማ፣ ከሆዷ አንስታ ወደ ላይ የሚወጣውን፣ ጫፉ ላይ የሚሾለውን ያን ጩኸት ለቀቀችው።

በረቱ ተናወጠ። መጀመሪያ የባልዲው ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ወይዘሮ አሰገደች «ድረሽ እመቤቴ» ሲሉ፣ ከዚያ አንድ ነገር ድንጋይ ላይ ሲሰነጠቅ። በመጨረሻ የሔዋን ጩኸት መጣ፤ ረጅም፣ ሹል፣ መሀል ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው። አይናዲስ በጥሞና አዳመጠችው። ጥሩ ድምፅ ነበር። ምት ቢጨመርበት ያስጨፍራል።

ጫማዋን አጠለቀችና ወጣች። ጎረቤቱ አቶ ፈንታ ዱላ ይዘው ባዶ እግራቸውን ደርሰዋል። ሔዋን በካልሲ ጭቃ ውስጥ ቆማለች። ወተቱ በግቢው መሀል ነጭ መንገድ ሠርቷል።

«ገና ሳይመሽ ጅብ?» አሉ አቶ ፈንታ አጥሩን በዱላቸው እየቀጠቀጡ። «እሱም እንደኛ ሰዓት ጠፋው ማለት ነው።»

«ምን ተፈጠረ?» አለች አይናዲስ።

በማግሥቱም ደገመችው፣ በዝግታ፣ ለቦራ ጆሮ ብቻ በሚደርስ ልክ። በሦስተኛው ማታ ጅብ አላስፈለገም። መስታወቱ የተሰነጠቀው ስልክ ገና «እምም» ሲል ቦራ ረገጠች። አይናዲስ ከግድግዳው ማዶ ጉልበቷን አቅፋ ፈገግ አለች። በየትኛውም ፈተና እንደዚህ አድርጋ ደፍና አታውቅም።

ክፍል ውስጥ እምቧታው ቀጠለ። አሁን ግን ብዙም አላቆሰላትም። ስም በተጠራ ቁጥር የሔዋንን ጀርባ እያየች በልቧ «ማታ እንገናኛለን» ትላለች።

ከዚያ ወተቱ ጭራሹን ቆመ። ቁርስ ቤቶቹ ሌላ ባለላም ፈለጉ። ወይዘሮ አሰገደች ስልኩንም፣ ጨውንም፣ ጠበሉንም ሞክረው አልሆን ሲላቸው የአይናዲስን በር አንኳኩ።

«ነይ እስቲ አንች ሞክሪያት» አሉ፣ ዓይን ዓይኗን ላለማየት ሻሻቸውን እያሰሩ። «የክፍሉን ነገር በኋላ እንነጋገርበታለን።»

አይናዲስ ስትጠብቀው የነበረው ይህንን ነው። ሳትቸኩል ደብተሯን አጠፈች፣ ሳትቸኩል ግቢውን አቋረጠች። ሔዋን የበረቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ መንገድ እስክትለቅላት ጠበቀቻት። ገብታ ቦራ ፊት ቆመችና እምምታውን ጀመረች።

ቦራ ወደ ኋላ ተስፈነጠረች።

ገመዱ ተወጠረ። የዓይኗ ነጩ ብቻ እስኪቀር ድረስ አፈጠጠች፣ ከትከሻዋ እስከ ታፋዋ ትንቀጠቀጥ ጀመር። አይናዲስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ባሰባት። አቆመች። ያኔ ነው የሠራችው ነገር የገባት። ጅቡ የመጣው ሁልጊዜ ከዚህ ድምፅ በኋላ ነበር። ስልክ ይሁን ሰው ቦራ አትለይም። ከእንግዲህ አይናዲስ እምም ባለች ቁጥር ከኋላዋ ጅብ አለ።

አፏን ዘግታ ቀረበችና የቦራን ጡት ዳሰሰች። አንደኛው ወገን እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፣ ያተኩሳል። ቦራ አቃሰተች፤ ጥርሱን ነክሶ እንደሚያቃስት ሰው።

«የከብት ሐኪም መጥቶ መርፌ ወግቷታል» አሉ ወይዘሮ አሰገደች። «ካልታለበች ግን መርፌ ብቻውን አያድናትም አለ። ጡቷ ይሞታል አለኝ።»

አይናዲስ እጇን ከቦራ ጡት አነሳች። ቀጥሎ «የእኔን ድምፅ ጠልታዋለች እትዬ» አለች። «ሌላ ሰው ነው የሚያስፈልጋት። አዲስ ድምፅ። እርስዎ ማለብ አለብዎት።»

ሁለቱም ዞረው ሔዋንን አዩ።

«እኔ?» አለች ሔዋን። «አብዳችኋል እንዴ? እኔ እንደ ላም ልጩህ?»

«ስትቀጂ ጎበዝ ነበርሽ» አሉ እናቷ። «ተማሪ አሁን።»

ትምህርቱ ከኩሽናው ጀርባ ሆነ፣ ቦራ የአይናዲስን ድምፅ እንዳትሰማ። ሔዋን መጀመሪያ አፏን እጇ ውስጥ ደብቃ ሞከረች።

«እጅሽን አውርጂ።»

«ሰው ያየናል።»

«ይየን።»

የአቶ ፈንታ ልጆች አጥሩ ላይ እንደ ወፍ ተደርድረው ነበር። ሔዋን እምም አለች።

«እንደ ባጃጅ አታጓሪ። ከአፍንጫሽ አውጪው።»

እንደገና።

«አሁን ደግሞ ጉንፋን የያዘሽ መሰልሽ። ድገሚው።»

አስደገመቻት። የመጀመሪያው ጥሩ ሲሆን እንኳ «አይደለም» ብላ አስደገመቻት። ያን ሁሉ ቀን የተሳቀባትን ሳቅ አንድ በአንድ እየመለሰች እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ሔዋን ፊቷ ቀልቷል፣ ላቧ የተተኮሰ ፀጉሯን መልሶ ጠቅልሎታል። ቢሆንም አላቋረጠችም። ይህን አይናዲስ አልጠበቀችም።

እምምታውንና ጠቅ ጠቅታውን ስትይዝ ወደ በረት ላከቻት። ራሷ ውጭ ሆና በሽንቁር አየች። ቦራ በማታውቀው ድምፅ ጆሮዋን አቆመች። አልረገጠችም። ወይዘሮ አሰገደች ጎንበስ አሉ። ጥቂት ወተት ወረደ፣ ከዚያ ተቋረጠ። የጠነከረው ወገን ምንም አልሰጠም።

ሔዋን ወጣች። «የቀረ ነገር አለ አይደል?» አለች። «ቅጂው ላይ መጨረሻው ሌላ ነበር። የጥጃው ጩኸት።»

አይናዲስ እሱን አውቃ ነበር ያስቀረችው። እሱ እጇ ላይ እስካለ ድረስ ክፍሏም እጇ ላይ ናት።

ሔዋን አጠገቧ ቁጭ አለች። «ጅቡ አንቺ ነሽ።»

«ማን አለሽ?»

«ማንም። ሁላችን ያለ ጫማ ስንሮጥ አንቺ ጫማሽን አድርገሽ ነው የወጣሽው። ክሩን ሳይቀር አስረሽ።»

ከበረቱ ቦራ አቃሰተች። አይናዲስ የጫማዋን ክር አየች።

«አዎ» አለች። «እኔ ነኝ።»

«ለእማዬ ብነግራት ዛሬውኑ ትወጫለሽ።»

«ንገሪያት።»

ሔዋን አልተነሳችም። «እኔ እኮ እንዲያ ይሆናል ብዬ አይደለም የላኩት» አለች። «ለሳቅ ነበር።»

«አውቃለሁ። ለሳቅ ነው።»

ቦራ እንደገና አቃሰተች፤ ይሄኛው ከፊተኛው ረዘመ። አይናዲስ ያን ድምፅ በሕይወቷ ካወጣቻቸው ድምፆች ሁሉ ጋር አስተያየችው፤ የማታወጣው እሱን ብቻ ነው። እስከ ነገ ብትጠብቅ ሔዋን የጠየቀችውን ሁሉ ታደርግላታለች። ቦራ ግን እስከ ነገ የላትም።

«የመጨረሻውን አስተምርሻለሁ» አለች። «በምትኩ ነገ ክፍል ውስጥ ስምሽ ሲጠራ ‹አለሁ› አትይም። ይህንኑ ትያለሽ። ሙሉውን፣ አፍሽን በእጅሽ ሳትከልይ።»

ሔዋን ቀና አለች። «የክፍሉስ ነገር? እሱን አትጠይቂም?»

«እሱን ከእናትሽ ጋር እነጋገራለሁ። ይሄ የኔና ያንች ነው።»

«ብክድሽስ?»

«ትክጃለሽ» አለች አይናዲስ፣ ተነስታ ቀሚሷን እያራገፈች። «አሁን ስሚኝ። ቀጭን አድርገሽ ጀምሪ። መሀል ላይ ትንፋሽሽን ትቆርጪዋለሽ፤ እናቱን ፈልጎ አጥቶ ተስፋ እንደቆረጠ። ተስፋ ቆርጠሽ ደግሞ ትቀጥያለሽ።»

ሔዋን ስትይዘው ጨለምለም ብሎ ነበር። አይናዲስ ወደ ሽንቁሩ አልሄደችም። ኩሽናው ግድግዳ ላይ ተደግፋ አዳመጠች። እምምታው፣ ጠቅ ጠቅታው፣ ስብራቱ። ከዚያ ለአፍታ ምንም አልነበረም። ከዚያ ባልዲው ጮኸ፤ ባዶ ባልዲ በሚጮኸው ዓይነት፣ ቀጭን፣ ደጋግሞ። ቀስ በቀስ ወፈረ።

ወይዘሮ አሰገደች ሲወጡ አጠገቧ ቆሙ። «የእህቴ ልጅ ሳሎን ይተኛ» አሉ። «ይች ላም ነገ ምን እንደምታመጣ አይታወቅም።» አይናዲስ «እሺ እትዬ» አለች። አላመሰገነችም።

ጠዋት ቲቸር አብይ ስም መጥሪያውን ገለጠ። አስማማው ከኋላ ጉሮሮውን አዘጋጅቷል፤ ሲያሟሽ ይሰማል። ሔዋን ከፊት ተቀምጣለች። ፀጉሯን አልተኮሰችውም፣ በጨርቅ ጠቅልላ አስራዋለች። አንዴም ወደ ኋላ አልዞረችም። ትክዳለች፣ አለች አይናዲስ በልቧ። እኔም ብሆን እክዳለሁ።

«ሔዋን አምደሚካኤል።»

ዝም።

«ሔዋን የለችም?» ቲቸር አብይ ቀና አለ።

ሔዋን ተነስታ ቆመች። እጆቿን በጎንና በጎኗ አደረገች። ጆሮዋ በርበሬ መስሏል። መጀመሪያ እምምታው መጣ፣ ዝቅ ብሎ፣ ምን እንደሆነ ያልገባቸው እስኪተያዩ። ቀጥሎ ጠቅ ጠቅታው። ቀጥሎ የጥጃው ጩኸት ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ሞላው፣ መሀሉ ላይ ተሰበረ፣ ተሰብሮም ቀጠለ።

ማንም ወዲያው አልሳቀም። እንደሱ ያለ ድምፅ ከሔዋን ይወጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። አስማማው አፉ ተከፍቶ ቀርቷል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ቲቸር አብይ።

አይናዲስ እጇን አወጣች።

«አለሁ ማለቷ ነው፣ ቲቸር።»

ሳቁ ያኔ ፈነዳ፣ ከመቼውም በላይ። ሔዋን ቁጭ አለች፤ ትከሻዋ አልተንቀሳቀሰም። አይናዲስ ለዚህች ደቂቃ ስንት ቀን እንደተመኘች ታውቃለች። ሳቁን እስከ መጨረሻው ሰማችው፣ ምንም ሳታስቀር።

ስም መጥራቱ ቀጠለና እሷ ጋ ደረሰ።

«አይናዲስ አማረ።»

«አለሁ» አለች።

ከኋላ ማንም ድምፅ አላሰማ። አይናዲስ የሔዋንን ማጅራት እያየች ጩኸቱን በልቧ መልሳ አዳመጠችው። ስብራቱ ላይ ትንሽ ቸኩላለች። እንዲህ ከቸኮለች ቦራ ነገ ከነገ ወዲያ ትነቃባታለች።

ማታ ታስተካክልላታለች።